ለእጥበት ስለሄዱት ሃያ ሁለት ጥንድ ታኬታዎች

ለተከበሩ የሕፃናት ደህንነትና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ ስብሰባዎ አጭር፣ ወንበርዎም የተመቸ ሆኖ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኳስ ሜዳው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጫማ የምጠግን ሰው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ በማኅተምዎ የተከበረ ደብዳቤ ደርሶኝ፣ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት የሆኑ ሃያ ሁለት ጥንድ ታኬታዎች «በሕፃናት መሰወራቸውን»፣ እኔም «የድርጊቱ አስተባባሪ» መሆኔንና በአምስት ቀን ውስጥ ካላስመለስኩ በሕግ እንደምጠየቅ አንብቤአለሁ። ጫማ ጠጋኝን አስተባባሪ ብሎ የሾመ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አልገጠመኝምና ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ። መልሴን በአደባባይ የምጽፈው ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ በእግሬ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ከበር ስለተመለስኩ ነው።

አስቀድሜ አንድ ጉድለቴን ልናዘዝ፦ በሙያዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ፊቱን ሲያሳየኝ ዓይኔ ወደ ሶሉ ይወርዳል። ከላይ የተወለወለ ጫማ ከታች ምን እንደሚመስል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይ ኖሬአለሁና፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ሁሉ ከክፋት ሳይሆን ከሥራ ልማድ እንዲቆጥሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስጦታው ቀን። መኪናዎችዎ እንግዶችና ድንኳን ጭነው ወደ ሜዳችን የገቡበትን ቅዳሜ መቼም አንረሳውም። ልጆቻችን ሃያ ሁለት ጥንድ አዲስ ታኬታ ተጫሙ፤ እርስዎም ኳስ የተቸገረ ልጅ ልብ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በድምፅ ማጉያ አስረዱን። የተናገሩት እውነት ስለነበር አጨበጨብኩ፤ በእህቴ ልጅ አይቼዋለሁና። ልጅቷ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ከሞተችባት ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ቤት ውስጥ ለምንጠይቃት ሁሉ ጭንቅላቷን በመነቅነቅ ካልሆነ አትመልስም፤ አስተማሪዋም ድምፅዋን አያውቀውም። ቅዳሜ ሜዳ ስትገባ ግን «አቀብለኝ! ከኋላህ ሰው አለ!» እያለች ስትጮህ ወስፌዬን አስቀምጬ እሰማታለሁ። የዚያን ቀን አንዲት ሠራተኛዎ የሚስቅ፣ ዝም ያለና የሚያለቅስ ፊት የተሳለበት ወረቀት አድላ «ስሜታችሁን ምረጡ» ስትላቸው፣ የእኛ ልጅ የሚስቀውን ፊት ሁለት ጊዜ ከበበችው። ጨዋታው መሐል ላይ የቀኝ ታኬታዋ ጎኑ ቢተረተር ሮጣ አመጣችልኝ፤ ጥቁር ክር አልቆብኝ ነበርና በሰማያዊ ሰፋሁላት። እየሰፋሁም አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ጫማው ከተሰጠ ሠራተኞችዎ ባዶ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ወደ መኪናው የሚመልሱት ለምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ስለ እጥበቱ። እንግዶችዎ ከተሸኙ በኋላ የንብረት ክፍል ሠራተኛዎ ጆንያ ይዘው ተመልሰው «ለእጥበት ነው፤ ቅዳሜ ይመጣላችኋል፤ ጠብቁ» ብለው ሁሉንም ሰበሰቡ። ልጅ ደግሞ ጠብቅ ሲሉት ይጠብቃል። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳ አልገባችም፤ መኪናው መጥቶ እንዳያመልጣት ብላ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጓደኞቿ እንደ ወትሮው በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ፣ እሷ አስፋልቱን ታያለች። ዘጠኝ ሳምንት እንዲህ አለፈ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የምሰማው ድምፅ ቀረብኝ።

ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጫማዎቹ ገና አልታጠቡም ተባልኩ። በሁለተኛው፣ ፀሐዩ ቆርቆሮዬን እንደ ምጣድ ባጋለበት ሰሞን፣ ገና አልደረቁም ተባልኩ። በሦስተኛው ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው የሚል መልስ ተሰጠኝ። ሆኖም ጉዞዬ ከንቱ አልቀረም፤ በግቢዎ ግድግዳ ላይ «የሕፃናት ደስታ ዘጠና አራት ከመቶ ደረሰ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ ከጽሑፉ ሥር የእህቴ ልጅ አፏን ከፍታ ስትስቅ አየኋት። እሷ ግን ያን ሰሞን ቅዳሜዋን የምታሳልፈው ድንጋዩ ላይ ነበር። የቀረው ስድስት ከመቶ የማን እንደሆነ ብጠይቅ የጥበቃ ሠራተኛዎ በታላቅ ጨዋነት በሩን አሳዩኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ክሩ። በዘጠነኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት አንድ ሾፌርዎ መኪና አቁሞ አንድ ታኬታ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ቶሎ ይስፉልኝ፤ ነገ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ላሉት ልጆች የሚሰጥ ነው፤ እንግዳ አለብን» አለኝ። ጫማውን ገልበጥ አድርጌ ባየው፣ አዲሱ ቅዳጅ አጠገብ የገዛ እጄ ሰማያዊ ክር ቁጭ ብሎ ያየኛል። በሾፌሩ አልፈረድኩም፤ ሰው የታዘዘውን ይሠራል። አዲሱን ቅዳጅ ሰፋሁለት።

በማግሥቱ ሃያ ሁለቱንም ልጆች ይዤ ጋራዡ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር መንገድ ላይ የተጠራጠርኩት ራሴን ነበር፤ ልጆችን ከልጆች ላጣላ ነው የምወስዳቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ልመለስ አስቤአለሁ። ስንደርስ ያው ድንኳን፣ ያው ድምፅ ማጉያ፣ ያው ንግግር። የዚያ ሰፈር ልጆች ታኬታዎቹን ተጫምተው ተሰልፈዋል፤ ደስታቸው የእኛዎቹ ልጆች ደስታ ነው፣ እግራቸውም እንደዚያው የተሰነጣጠቀ።

የእህቴ ልጅ ሰልፉን በዓይኗ ለቀም ለቀም አደረገችና ሰማያዊ ክር ወዳለበት እግር ቀጥ ብላ ሄደች። ልይዛት ተነሣሁ፤ አልደረስኩባትም። ጫማውን ካደረገችው ረጅም ልጅ ፊት ቆማ፣ «የቀኙን አታጥብቂው፤ እዚህ ጋ ስፌቱ ይቆረቁራል» አለቻት። በሙያዬ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

«ያንቺ ነው እንዴ?» አለቻት ረጅሟ።

«ነበር።»

ረጅሟ ልጅ ዘጭ ብላ መሬት ተቀመጠች፤ የቀኙን አውልቃ ሰጠቻትና «በቃ፣ አንድ አንድ» አለች። የቀሩትም ተያይተው መፍታት ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አስተባባሪ የተባልኩት እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር።

አርባ አራት ልጆች አንድ አንድ ጫማ አድርገው፣ ሁለቱን ሰፈር ደባልቀው ገጠሙ። ሲንሸራተቱ፣ ሲያነክሱ፣ ሲሳሳቁ እንግዶችዎ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ድምፅ ማጉያውን አንሥተው፣ ይህ ጨዋታ ሕፃናትን መካፈል ለማስተማር ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ የቀረጸው መሆኑን የገለጹት። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ጆንያው ተከፈተ፤ ልጆቹ ግን እንደተጫሙ በየአቅጣጫቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። አንዲት ጥያቄ ይፍቀዱልኝ፦ ጨዋታውን የቀረጹት እርስዎ ከሆኑ፣ ጫማውን የሰወርነው እኛ እንዴት ሆንን?

አራተኛ ብዬ የጀመርኩት ቅሬታ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። ይልቅ ነገሩ የት እንደደረሰ ልንገርዎ። የእያንዳንዱ ጫማ ጓደኛ በሌላው ሰፈር ስለሚገኝ፣ ልጆቹ ሳይገናኙ መጫወት አይሆንላቸውም። አንድ ቅዳሜ በእኛ ሜዳ፣ አንድ ቅዳሜ በእነሱ ሜዳ ይሰበሰባሉ። የእህቴ ልጅ ድንጋዩን ትታዋለች። እቤትም ስለ ዳኛው፣ ስለ በረኛው ትከራከረኛለች፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ ሳህን እያጠበች ዞር ሳትል «እማዬ ኳስ ትችል ነበር?» አለችኝ። እናቷን በአፏ ስትጠራ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅ ሳለን በኳስ የጎረቤት መስኮት ሰብራ እኔ እንደተገረፍኩላት ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች፣ ከዚያም ጎረቤቲቱ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ይህ ስንት ከመቶ እንደሚባል ባለሙያዎችዎ ያውቁታል።

የሰጡኝ አምስት ቀን ሐሙስ ያልቃል፤ ጫማዎቹ በአንድነት የሚገኙት ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስለዚህ በዚያን ሰዓት እርስዎ ራስዎ ብቅ ብለው፣ ከልጆቹ እግር ሥር በርከክ ብለው፣ አርባ አራቱንም የጫማ ማሰሪያ በእጅዎ እየፈቱ ቢረከቡን በታላቅ አክብሮት እንጋብዝዎታለን። ለጉልበትዎ የምትሆን ትራስ እኔ አዘጋጃለሁ። አንድም ልጅ እንዳይከለክልዎ እመክራቸዋለሁ፤ ይሰሙኛል ብዬ ግን አልፈርምም።

እድሜዎን ያርዝመው፣ ሰሌዳዎንም ዝናብ አይንካው እያልኩ፣ ያለ በጀት፣ ያለ ማኅተምና ያለ ድምፅ ማጉያ በሾሙኝ ሥራ ላይ የምገኝ፣

አክባሪዎ፣
የሜዳው ጥግ ጫማ ጠጋኝ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ደብዳቤዎን ያደረሱልኝ መልእክተኛ ዘግይተው ተመልሰው ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጆቹ በረኛ ጎድሎባቸው ቢለምኗቸው ኮታቸውን አውልቀው እስኪመሽ ቆሙላቸው፤ ሰባት ጎልም ገባባቸው። ከመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ፎቶ ሳይነሡ ከልጆቻችን ጋር የተጫወቱ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ስለሆኑ፣ እባክዎ እንዳይቀጧቸው።