ጨምሪ አልኳት

አርብ፣ መጋቢት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡30

ወፍጮዋን አቆምኩ፣ ዱቄቴን አራገፍኩ፣ ታጠብኩ፣ ወዳንተ መጣሁ ደብተሬ። በቡታጅራ እንደኔ ያለ ድምፅ የለም። ወፍጮዋ እየጮኸች እኔ ብጣራ ቆሼ ከተማ ያለችው ሚስቴ «አቤት» ትላለች። እሺ፣ ቆሼ በዛ። ግን ከወ/ቤት እስከ መስጊዱ በር ይሰማል፤ ምስክር አለኝ። (ወ/ቤት ወፍጮ ቤት ነው፤ ወህኒ ቤት እንዳይመስልህ። ማሳጠር ባለፈው ሳምንት በማታ ትምህርት ነው የተማርነው። ቲቸር ሰላማዊት ቃል በዘንባላ መስመር ይታጠፋል ካለችን ወዲህ ያላጠፍኩት የለም።)

ጁምዓ ነው፤ ሰሚራ ደወለች። የመጨረሻ ልጄ። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት አርብ አርብ ነው። ከእናቷ ጋር በጉራግኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ አባቷ ከተሜ ነዋ። ይቺን መስታወት የመሰለች ስልክ የላከችልኝም እሷ ናት። ስልኳ ታምራለች። ድምፅ ግን የላትም። ማሰሮ ውስጥ የገባች ትንኝ። እስከ ዛሬ ስልኩን የምታነሳው ሚስቴ ዘይነባ ነበረች፤ ትልቋ ልጃችን ስለወለደች አራስ ልትጠብቅ ቆሼ ወርዳለች። ስለዚህ እኔ አነሳሁ።

የሰሚራ ኮንትራት ሚያዝያ ላይ ያልቃል። ሦስት ዓመቷ። ክፍሏን ኖራ ቀብቻለሁ። መጋረጃም ሰቅያለሁ፤ ትንሽ ተንጋዷል። የምትመጣበትን ቀን ዛሬ ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ነገረችኝ መሰለኝ፤ አልያዝኩትም። መሀል ላይ «አባ፣ ድምፄን ልጨምር?» አለችኝ። «ጨምሪ እንጂ! ጨምሪ!» አልኳት። ከዚያ እሺ ብላ ዘጋች።

ታዛዥ ናት ልጄ። ድምፁ ግን ያው ነው።

ይህን ስልክ እመረምረዋለሁ። ለሚቀጥለው አርብ ድምፁ መጨመር አለበት፤ ቀኑን በገዛ ጆሮዬ መስማት አለብኝ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 5፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቆመ። ስልኳን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች።

በጎኗ በኩል ረዘም ያለች ጉብታ አለች። ስጫናት መስታወቱ ላይ አንዲት መስመር ታድጋለች። ድምፅ በዓይን ይታያል ለካ! ሃምሳ ዓመት ኖሬ ዛሬ አየሁት።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ከቃላቱ መሀል አንዱ «ድምፅ» ይላል። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ፊደል የለመድኩት የወ/ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የምርጫ ወረቀት ነው፤ «ድምፅዎን ይስጡ»። ደነገጥኩ። ምርጫው ስልኬ ውስጥ ምን ያደርጋል? ብነካው ለማን እንደሰጠሁ ማን ያውቃል? ቢስሚላህ ብዬ ነካሁት። ማንም አልመጣም። ሦስት መስመር ወጣ፤ አንዱ የጥሪ፣ አንዱ የዘፈን፣ አንዱ የወሬ። እኔ አንድ ድምፅ ይዤ ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እሷ ሦስት።

የዘፈኑን እስከ ጥግ ስገፋው ጽሑፍ መጣ። በጣቴ ተከትዬ አነበብኩት። ድምፅ ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መስማት ጆሮ ይጎዳል ይላል። ሳቄ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮ ሥር ቆሜአለሁ። ወፍጮዋ ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ የለም። ቢጻፍም አላነበውም ነበር።

መብራት መጣ።


ሰኞ፣ መጋቢት 7፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ምርመራው ቀጥሏል። መንዙማ ከፈትኩና ስልኳን ዕቃ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ብርጭቆ፤ ይንጫጫል። ጣሳ፤ ጣሳ ጣሳ ይላል። ማሰሮ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው። በመጨረሻ የክትፎውን ጣባ አወረድኩ። ማሻአላህ! ሸክላው ድምፁን ሰብስቦ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ፈረንጅ ሳይቀድመኝ መዝግብልኝ።

ዘይነባ ጣባዋን ለምን እንደተጠቀምኩበት ብታውቅ ቆሼ ሆና ትወረውረኛለች።

ጥሩ ሰማሁ። ጥሩ ማለቴ፣ መንዙማ መሆኑ ይታወቃል።

ወዲያው ጎረቤታችን ወ/ሮ ብርሃኔ በአጥሩ ብቅ አለች። ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ቀረብ አልኩ። «ጾሙ አንሶኝ ነው ወይ ራሴን የምትበጠብጠው?» ትላለች። መንገድ ማዶ ድረስ ይሰማል አለች። ማታ ማታ ስልኬ ሲጠራ እሷ ከእንቅልፏ ትነሳለች፤ እኔ አልነሳም። ይህንንም ነገረችኝ።

የዚህች ሴትዮ ጆሮ ጉድ ነው። ስለ ራሷ ታስብ እንጂ እንዲህ ዓይነት ጆሮ በሽታ ይሆናል።


ረቡዕ፣ መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ቢላል ዘንድ ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ልጅ፤ ፀጉሩ እንደ አውራ ዶሮ። ስልኳን ፈታት። የድምፅ ማውጫዋ ቀዳዳዎች በዱቄት ተደፍነዋል። በጥርስ ቡርሽ ጠረገው። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ገንፎ ይወጣዋል» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም ቅቤውን ማን ያመጣል አልኩ፤ የበለጠ ሳቁ። ደስ አለኝ። ምርመራዬ ፍሬ አፈራ፤ ጥፋቱ የዱቄት ነው ብዬ።

ዘፈን ከፈተ። ጨምር አልኩት። ጨመረ። ጨምር። ጨመረ። አንዲት ልጅ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ጨምር። «ጥግ ደርሷል ፋዘር። ስልኩ ጤነኛ ነው።» ይህን ያለው ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ስልኳን ትቶ ጆሮዬን አየ። ጠጋ ብሎ አየው፤ የሚፈታ ይመስል።

ይሄን ልጅ አልወደድኩትም። ገና ሥራ አልለመደም።

ሲመሽ ወፍጮዋ አጠገብ ቆምኩ። ድሮ ስትነሳ አጥንቴን ታንቀጠቅጠው ነበር። አሁን እንደ ንብ ናት። እኔ እኮ እያረጀች ነው የምትለሰልሰው ብዬ ነበር።


አርብ፣ መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 12፡30

ደብተሬ፣ ዛሬ ቀልድ የለም።

ሰሚራ ደወለች። ስልኳን ጣባው ውስጥ አድርጌ፣ የወሬውን መስመር ጥግ አድርሼ፣ ደፋ ብዬ አደመጥኩ። «ሁለት ዓመት» የሚል ሰማሁ። ሦስት ማለቷ ነው፣ ቆጠራ ተሳሳተች አልኩ። ከዚያ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሳቀች መሰለኝ። «ጎበዝ! በርቺ!» አልኳት። ዘጋች።

ቀና ስል ወ/ሮ ብርሃኔ ደጄ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብ የለህም? ልጅህ እያለቀሰች ጎበዝ ይባላል?»

ማን አለቀሰ አልኩ። ጠጋ ብላ ጆሮዬ ሥር ነገረችኝ። ሰሚራ ዛሬ ያወራችውን ሁሉ በአጥሩ ሰምታለች፤ ጣባው ነው ያደረሰላት። ማዳሟ ሁለት ዓመት እንድትጨምር ጠይቃታለች። ባለፈው አርብ ሰሚራ ልጨምር ወይስ ልምጣ ብላ አባቷን ጠየቀች። አባቷ ጨምሪ አለ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። አፍ አውጥታ አልጨምርም ለማለት አቅም አጣች፣ አፍ አውጥታ እመጣለሁ ለማለትም። ዛሬ ወረቀቱ እሁድ ሳምንት እንደሚፈረም ልትነግረኝ ነው የደወለችው። ክፍሌን ለማን ሰጠኸው ብላ ጠይቃኛለች። እኔ በርቺ አልኳት።

ብርሃኔ አየችኝ። እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃለህ? አውቄ ነው፣ ለእሷ አስቤ ነው አልኩ። ደረቴን ነፍቼ። ጆሮዬ አልሰማም ከማለት ልቤ ክፉ ነው ማለት ቀለለኝ።

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ወ/ቤት አልከፈትኩም። የሰሚራ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። የተንጋደደውን መጋረጃ አቃናሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ወይም አለ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 15፣ ከምሽቱ 2፡30፣ ከት/ት መልስ

ሦስት ቀን አሰብኩ። ልደውል? ስልኳ ማዳሟ ዘንድ ነው። አርብ ብትደውልስ? የምትለውን አልሰማም፤ ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሪ እላለሁ። ለዘይነባ ልንገር? ኧረ እሷስ ትገድለኛለች፤ ወደ መጨረሻ አቆየኋት።

ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። አንድ ወዳጅ አለኝ አልኩ፤ ስልኩ ድምፅ አይጨምርለትም፣ ልጁ ሩቅ አገር ናት፣ የምትለውን አይሰማም፣ ምን ይሻለዋል? ቲቸር ሰላማዊት ዞራ ከኋላዬ ቆመች። ቆየች። ክፍሉ በሙሉ ያየኛል። ምን ሆናችሁ አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ክንዴን ነካ አድርጎ ቲቸር ሦስት ጊዜ በስምህ ጠርታሃለች አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ ሳቅ አውቅበታለሁ።

ቲቸር ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ጠመኔ አነሳች። ጻፈች፦ «ወዳጅህ ይጻፍላት።»

አነበብኩት። ሳላንጠለጥል፣ በአንድ ትንፋሽ።

ከክፍል በኋላ ስልኬ ላይ ፊደል የት እንደሚገኝ አሳየችኝ። በእጄ ዱቄት የሚያህል ደቃቅ ነገር ይዤ ስኖር እንዲህ ያለ ትንሽ ፊደል ነክቼ አላውቅም። «ጨ»ን ስፈልግ «ጠ»ን ነካሁ። አጠፋሁ። እንደገና። አባት ልጁን «አትጠምሪ» ቢላት ምን ትለዋለች? ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ቃል፦

አትጨምሪ። ነይ።

ላክሁት። ድምፅ አልነበረውም። ሲሄድ እንኳ አላሰማም። አርብ ስልኳን ስታገኝ ታየዋለች። ወረቀቱ እሁድ ነው የሚፈረመው።


አርብ፣ መጋቢት 18፣ ከቀኑ 8፡10

ከጁምዓ መልስ። ስልኳ ጣባው ውስጥ የለችም፤ እጄ ላይ ናት፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። ጥሪ ቢመጣ አላነሳም ብያለሁ።

8፡25። በራች! እሷ ናት። ጽሑፏ አጭር ናት፦ «አባ ማን ጻፈልህ»

ተመልከት እንግዲህ። ልጄ አላመነችም። ብርሃኔ ወይም ቀበሌ የጻፈው መስሏታል። ስንት ጊዜ ሳላነብ አነበብኩ፣ ሳላውቅ አውቃለሁ እያልኩ ስፎክር ሰምታኛለች፤ እውነቷን ነው።

8፡50። መለስኩ። የወፍጮ ሰው ጣት በዚህ ፍጥነት ሲጽፍ ታይቶ አይታወቅም። (እሺ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ።) እንዲህ ነው ያልኩት፦ እኔ ነኝ። ማታ ማታ እማራለሁ። ጆሮዬ አይሰማም። ጨምሪ ያልኩሽ የስልኩን ድምፅ መስሎኝ ነው። ክፍልሽ ኖራ ተቀብቷል። ለማንም አልሰጠሁም።

«ጆሮዬ አይሰማም» ስጽፍ እጄ ቆሞ ነበር። ይህን ለሰው ስል የመጀመሪያዬ ነው። ቅዳሜ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ዘይነባ ስትመለስ እነግራታለሁ። ለብርሃኔም፤ እሷስ ቀድማ ታውቃለች።

9፡05። በራች። ረጅም ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ፊደል «እ» ነው። እሺም በ«እ» ይጀምራል፣ እምቢም በ«እ» ይጀምራል። ሁለተኛው «መ»። ሦስተኛው «ጣ»።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ማታ አነበዋለሁ። ግን ያለ ዉዱእ፣ ሳይታጠቡ፣ ሶላት የለም፤ እኔም ይህን ሳላወጣ አላነበውም። መጋቢት 4 የጻፍኩትን ገልጠህ እይ ደብተሬ። «ድምፄን ልጨምር» አለችኝ ብያለሁ። አላለችም። ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ የሰማሁት «ልጨምር» የሚለውን ብቻ ነው። «ድምፄን» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።