ለቅኔ ትምህርታችን ሠላሳ ስምንት ከመቶ ስለሰጡን

ለክቡር ዶክተር ምናሴ፣
የኮሌጁ የበይነ መረብ ትምህርት ጥራት ምዘና ክፍል ኃላፊ፣
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጣና ነፋስ እንደ ልብ የሚገባበት ቢሮዎ፣ ተሽከርካሪው ወንበርዎ፣ ይልቁንም ውድ ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ዘንዘልማ የምኖረው የቅኔ መምህር መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ ሠላሳ ስምንት ከመቶ አግኝቼም ቢሆን፣ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ።

በኮሌጁ የበይነ መረብ መድረክ ሁለት ዓመት በድምፅ ብቻ ያስተማርሁት የቅኔ ትምህርት፣ ሩብሪክ በሚባለው የመመዘኛ ሠንጠረዥዎ ከሃምሳ በታች ስላመጣ ጥር ሠላሳ ቀን እንደሚዘጋ የሚገልጸውን ደብዳቤዎን በሁለት እጄ ተቀበልሁ። ከዐሥራ አንዱ ተማሪዎቼ ስድስቱ ማየት የተሳናቸው መሆናቸውን፣ ትምህርቱም በድምፅ የተዘጋጀው ስለ እነሱ መሆኑን ደብዳቤው አላነሣም፤ ሥራ ቢበዛብዎ ነው ብዬ አለፍሁት። ከዚህ በታች የምዘረዝረውንም እንደ አቤቱታ ሳይሆን እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ «በመግቢያው ቪዲዮ የመምህሩ ፊት በፈገግታ ይታያል» በሚለው መስፈርት ዜሮ ስለሰጡን፣ «ገጹ በደማቅ ቀለማት ያሸበረቀ ነው» በሚለውም እንዲሁ ስላደረጉልን እጅ እነሣለሁ። ስድስቱ ተማሪዎቼ ፈገግታዬን ሳያዩ ሁለት ዓመት መዝለቃቸው እኔንም ይደንቀኛል። ባለቤቴ ወለላ ግን ፊቴን አለማሳየቴ ለትምህርቱ ጥራት ሳይረዳ አልቀረም ትላለች።

ሁለተኛ፣ ገምጋሚዎችዎ «አራተኛው ትምህርት ላይ ዶሮ ይጮኻል» ብለው በቀይ ጽፈዋል። እውነት ነው፤ ዘንዘልማ ዙሪያዬን ቤት እየተሠራ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ማቡኪያውና ባጃጁ ስለሚያጓሩብኝ የምቀርጸው ማለዳ ነው። ዶሮው ለገና ታርዷልና ጉድለቱ ታርሟል፤ የቀሩትም ጉድለቶቼ እንዲህ በወጥ የሚታረሙ ቢሆኑ ደስታዬ ወሰን ባልነበረው።

ሦስተኛ፣ «እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ በአስተያየት መስጫው ይጽፋል» የሚለውን በተመለከተ፣ በቅኔ ቤት ወግ ተማሪ ቅኔውን በልቡ አዘጋጅቶ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ሌሎቹ እየሰሙ እዚያው ያርመዋል። እኛም ይህንኑ ጧት ጧት በመድረኩ የቡድን ጥሪ እናደርጋለን። ዳሩ ግን የተጻፈ ነገር ስላልተገኘ በመጀመሪያው ምዘና ተሳትፏችን ዜሮ ሆነ፤ እኔም ተማሪዎቼን መጻፍ ግዴታ ነው አልኋቸው። የቤተ ክርስቲያን ልጆች አይደሉ? ከመምህር ቃል በኋላ የሚባለውን ያውቃሉና፣ አንዱ «አሜን»፣ ሌላው «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» እያለ፣ ማየት የተሳናቸውም በልጆቻቸው እያስጻፉ፣ በሁለት ሳምንት ሁለት መቶ ሰባ አሜን ደረደሩ። በሁለተኛው ምዘና ዐምስት ከዐምስት አገኘን፤ አጠገቡም «ጥልቅ ምሁራዊ ውይይት ተካሂዷል» የሚል ተጽፎበታል። ጉድ በል ጎንደር! ከሠላሳ ስምንቱ ነጥብ ዐምስቱ የአሜን መሆኑን ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

አራተኛውን እንደ ሌሎቹ ቀልጄ ልጽፈው ብሞክር እምቢ አለኝ። መስፈርትዎ «ተማሪው እያንዳንዱን ተግባር ከሁለት ባልበለጠ ሙከራ ያልፋል» ይላል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ማክሰኝት የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በሕመም የዐይኗን ብርሃን ካጣች ዐምስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ጉባኤ ቃናዋን፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ያችን ትንሽ ቅኔ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ መለስሁባት። በዐሥራ ሁለተኛው ቤቱ ሞላ፣ ምሥጢሩም ሰመረ። ከዚያ እሷ አለቀሰች፣ እኔም አልቀረሁም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሠንጠረዥዎ ግን ይህን «ዐሥር ትርፍ ሙከራ፤ ደካማ የማስተማር ዘዴ» ብሎ መዝግቦታል። ዛሬ ሦስተኛው የቅኔ ዓይነት ላይ ደርሳለች፤ በሰኔ ምስክር ወረቀቷን ይዛ እዚያው ማክሰኝት እንደ እሷ ማየት የተሳናቸውን ልታስተምር ቆርጣለች። ትምህርቱ ከተዘጋ የሁለት ዓመቱ ቅጂም፣ የጧቱ ጥሪም፣ ምስክር ወረቀቱም አብረው ይጠፋሉ፤ ይህን ለእሷ የምነግርበት አፍ የለኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከጥር ሠላሳ በፊት አንድ ጧት ጥሪው ላይ ገብተው ግማሽ ሰዓት ይስሙን። ሰምተው ከዘጉት ዘጉት፤ ቅር አይለኝም። ይህን የምለው መድረኩ ማን ምን ያህል እንዳዳመጠ ስለሚመዘግብ ነው፤ ሦስቱ ገምጋሚዎችዎ ከአርባው ትምህርት ዶሮው የጮኸበትን ብቻ፣ እሱንም ለሁለት ደቂቃ፣ እንዳዳመጡ አይቻለሁ። ዶሮው ነፍስ ቢኖረው ኖሮ ደስ ይለው ነበር።

ነጥቡ የማይጎድል ዕድሜ፣ ዐምድና ረድፉ የማይዛነፍ ኑሮ እየተመኘሁልዎ፣ ከደጅዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በእርስዎ ልክ ከመቶ ሠላሳ ስምንት እጅ ብቻ መምህር የሆንሁ፣

መሪጌታ ገብረ ኪዳን
ዘንዘልማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፀሐይወርቅ ወሬውን ከሌሎቹ ተማሪዎች ሰምታ የተፈረደብንን ልወቅ ብትለኝ ሠንጠረዥዎን ላክሁላት። ስልኳ ጽሑፍ እያነበበ የሚያሰማት ነው፤ የእርስዎ ሠንጠረዥ ግን ወረቀቱ በፎቶ ተነሥቶ የተላከ ስለሆነ፣ ስልኳ «ምስል» ከማለት በቀር የሚያነበው አጣ። እኔው ደውዬ አነበብሁላት። ዐሥራ ሁለተኛው መስፈርት ላይ ስንደርስ «ማንኛውም ሰነድ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ሊጠቀሙበት በሚችሉበት መልክ ይቀርባል» የሚል አገኘን። ዜሮ ሰጥታዎታለች፤ እስከ ጥር ሠላሳ ድረስ እንዲያሻሽሉ ግን ጊዜ ፈቅዳልዎታለች።