የማጠቢያ ቤቱ ወለል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ። እንዴት ነህ? ባለቤትህና ትንሹስ ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ እንደ ዓለት ነው። ቃሉ የእኔ ነው፤ የምትጽፈው እህትህ ናት።

የሆስፒታሉን የልብስ ማጠቢያ ቤት ወለል ጨረስኩ። ያ ውሃ እየተኛበት አጣቢዎቹ ሲንሸራተቱ የኖሩበትን ማለቴ ነው። የድሮውን አስነሥቼ አዲሱን ኮንክሪት ከአራቱም ግድግዳ ወደ መሃሉ መውረጃ አዘቀዘቅሁት፤ በየእርምጃው አንድ ጣት ዝቅ።

ኢንጂነሩ ውሃ ልኩን ይዞ መጣ። "አባባ፣ ይህን ትተው በባዶ እግርዎ ሲመላለሱ ዋሉ አሉ?"

"አንተ በዓይንህ አንብብ፤ እኔ በእግሬ አነባለሁ" አልኩት።

አምስት ባልዲ ውሃ አስደፋሁ። እየተንዶቀዶቀ ወረደና ጸጥ አለ። "በቃ፣ አንድ ጠብታ አልቀረም" አልኩ፤ እሱ ገና ጎንበስ ብሎ እየፈለገ ነበር። የአጣቢዎቹ አለቃ "እሰይ የኔ አንበሳ!" ብላ ትከሻዬን መታችኝ።

ሥራ ቦታ እህትህ እጄን ይዛ ነው የምታመላልሰኝ፤ መንገዱ ስለተቆፈረ ነው። አሁን "የቱ መንገድ ነው የተቆፈረው?" ትለኛለች። ዝም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።

የልጅህ ፎቶ ደርሶኛል። አፍንጫው ቁርጥ የእኔ ነው አሉ። ግን ፎቶው ጨልሟል፤ ምነው ፀሐይ ላይ ብታነሡት? ይልቅ ራሱን ይዘኸው ና።

በሉ ሁላችሁንም ሳምኩ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። እህትህ "ለከርሞ" ብላ ጽፋ ነበር፤ አሰረዝኳት። በዚህ ወር ነው።

አባትህ