ሁለተኛው ምት

ሀዋሳ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ውድ ጋሽ ምንያህል፣

ከተለዩን አምስተኛ ወርዎ ነው፤ እንደማያነቡት እያወቅኩ ነው የምጽፍልዎ። አዲስ ከተማ ያለው የእንጨት ሥራ ቤታችን በር ላይ፣ ወንበርዎ ላይ ተቀምጫለሁ። ቅር ካለዎት ይበልዎት፤ ከእኔ ሌላ ግን ማንንም አላስቀመጥኩበትም።

እኔ መንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ያውቁኛል። ይህን ለቤተክርስቲያን ሰዎች ባወራ ጾም ጸሎት ይያዝላት ይላሉ። ስለዚህ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ። መላጊያ ማሽኑ ይንኳኳል።

ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ይህ አሮጌ ማሽን መብራት ሲሄድ ይቆማል፤ ማብሪያው ካልወረደ ግን መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ስለዚህ አጠገቡ ያለ ሰው ማብሪያውን ያወርድና፣ ጣውላ በምንገፋበት እንጨት የማሽኑን ጠረጴዛ ሁለቴ ይመታል። ቋ፣ ቋ። ያን ሳይሰማ ማንም እጁን ወደ ምላጩ አያስጠጋም። ገና የመጀመሪያ ቀን “ጓንት አታድርጊ፣ ይጎትትሻል። አጭር እንጨት በእጅሽ አትግፊ። ሁለቴ ሳትሰሚ ደግሞ ዝር እንዳትዪ” ብለውኝ ነበር። ሴት እንጨት ቤት ምን ትሠራለች ሲሉዎት “ጣቷን ትቆጥራለች” ብለው አሳቋቸው።

አደጋው የደረሰ ዕለት ለፒያሳው ካፌ የዋንዛ ጠረጴዛ እየላግን መብራት ሄደ። ማብሪያው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ነበረች። በአንድ እጄ ስልኩን እያነሳሁ በሌላው እንጨቱን ይዤ ሁለቴ መታሁና ወደ ውጭ ወጣሁ። ማብሪያውን አላወረድኩም። እጄ ስለለመደ ብቻ ነው የመታሁት፣ ጋሼ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እርስዎ ምቱን ሰምተው፣ የማሽኑን ክዳን አንስተው፣ የተወተፈውን ፍቅፋቂ ሊያወጡ እጅዎን አስገቡ። መብራት መጣ። ሮጬ ስመለስ ቀኝ እጅዎን በቱታዎ ጠቅልለው፣ በግራ ክርንዎ ማብሪያውን እያወረዱ ነበር። ፊቴን አይተው “ሐዳሳ፣ እኔው ነኝ፤ ረስቼው ነው” አሉኝ። ሁለት ጣትዎን ያጡት እርስዎ፣ የተጽናናሁት እኔ። ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኩም። አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገርዎና ተመቸኝም።

ባለቤትዎ እትዬ ሙሉዬ በእንግዳ ፊት ሁሉ “ሠላሳ ዓመት ሰው ያስተማረ ሰውዬ ማብሪያ ማውረድ ያቅተዋል?” ሲሉዎት፣ ሻይዎን በግራ እጅዎ እያማሰሉ ፈገግ ይሉ ነበር። እኔ እዚያው ተቀምጬ ዳቦ እበላለሁ። ኋላ ሕመም ወስዶዎት ስንቀብርዎ እንኳ “ዝንጉዬ” እያሉ ነው ያለቀሱልዎ።

ከቀብሩ ወዲህ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አወርዳለሁ፤ መምታት ግን አልሆነልኝም። “ወርዷል፣ ቅረብ” ብዬ በአፌ ነው የምናገረው። ምላጩ እያቃሰተ ዞሮ ዞሮ ጸጥ ሲል፣ ከማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ይመጣል። ቋ። አንዴ ብቻ። እንጨቱ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በኋላ አብሮኝ የሚሠራው ካሌብ “ሐዳሳ፣ ምነው አንዴ ብቻ መታሽ?” አለኝ። ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ በር ልኬት እየተጨቃጨቅኩ ሳለ መብራት ሄደ። ዞር ሳልል “ቅረብ” አልኩት ካሌብን። ክዳኑን አነሳ። ቋ። ካሌብ እጁን መለሰ።

“አንዴ ነው እኮ፤ ‘ወርዷል’ም አላልሽም” አለ።

ልስቅበት ዞር ስል ማብሪያውን አየሁት። አልወረደም። አፌን ሳልከፍት መብራት መጣና ማሽኑ ተነሳ። ካሌብ ጣቶቹን ደረቱ ላይ ለጥፎ አፈጠጠብኝ። ማብሪያውን አውርጄ ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አልኩ።

ትናንት እትዬ ሙሉዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“እኔ ስወቅሰው ፈገግ ይል ነበር እኮ” አሉ። “አንቺም እዚያው ቁጭ ብለሽ ትበዪ ነበር።”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ዛሬ ሂጂልኝ። ቅዳሜ ነይ፤ እስከዚያ የምልሽን ላስብበት።”

ቅዳሜ እሄዳለሁ። የሚሉኝን ሁሉ፣ ሰው ፊትም ቢሆን፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ማብሪያውን አወረድኩ። ካሌብን ጠርቼ አሳየሁት። ከዚያ ሁለታችንም ጆሯችንን ጥለን ጠበቅን። ምላጩ ጸጥ አለ። ምንም አልተሰማም። የእኔ ተራ መሆኑ ገባኝ። እንጨቱን ከሚስማሩ አውርጄ ጠረጴዛውን አንዴ መታሁ። ለሁለተኛው እጄን አነሳሁ፤ እንጨቱ ገና አየር ላይ እያለ ሁለተኛው ተመታ።

ካሌብ “አሁን ሁለት ነው” ብሎ ቀረበ።

ጣቷን የምትቆጥረው፣
ሐዳሳ