የባንቺአምላክ ሽሮ

ሰኞ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1996

እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት የገባ፦ ለጋ ቅቤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ፣ መካከለኛ አሥራ ሁለት፣ በሳል ዘጠኝ። የመለስኩት ሁለት ቅል። አንዱ ውስጥ የተቀቀለ ድንች ተለውሶበታል፣ ሌላው ውሃ አዝሏል። ባለ ድንቿ አልተከራከረችም። «አያ ይሁኔ ካሸተተው ወዲያ ምን ክርክር አለ» ብላ ቅሏን አንስታ ሄደች።

በፍልሰታ ቅቤ የሚበላ የለም። ሣሩ ግን ለምልሟል፣ ላሞቹም በደንብ ይታለባሉ። ስለዚህ አሁን ነው የሚገዛው፤ የሚወጣው ለእንቁጣጣሽ። ጾም ስለሆነ አልቀምስም። በአውራ ጣቴ አሽቼ አሸታለሁ። ይበቃኛል።

ባለቤቴ የሺ እናቷን ይዛ ግሽ ዓባይ ጠበል ከወረደች አራተኛ ቀኗ ነው። ጾሙ እስኪፈታ አትመለስም። ሃያ ዓመት ፍኖተ ሰላም ስነግድ ምግብ ቤቶቿን በደጃቸው ሳልፍ ብቻ ነው የማውቃቸው። አሁን እዚያው እየበላሁ ልውል ነው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ባንቺአምላክ ቤት በላሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ስድስት ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ፤ ዝናብ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የያዘችው። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል። እንጀራው ስስ፣ ዓይኑ የወጣለት። በጾም የከተማው ሰው የሚያምናት እሷን ነው፤ ቆራቢ ሽማግሌ ሳይቀር ይገባል። ከመምህር አለልኝና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ትሪ ቀረብን። ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ ቅቤ ሸተተኝ።

«ባንቺአምላክ፣ ሽሮሽ ቅቤ ቅቤ ይላል እኮ!» አልኩ።

እሷ ሳቀች። «አያ ይሁኔ ደግሞ! ጾሙ ገና ሳይጋመስ አስጎመጀዎ?»

ሌላ የሳቀ የለም። አለልኝ እጁን ከትሪው ላይ አነሳ።

ቀልድ ነበር። ግማሹ። ሸቶኛልም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

የገባ፦ ለጋ ሃያ ሰባት፣ በሳል አራት። ዝናቡ ገጠሬውን አስቀርቶታል።

ወሬው ሦስት ቦታ ደርሶኝ ዋለ፣ በሦስት መልክ። ወፍጮ ቤት «የፍስኩን ማንኪያ ሳታጥብ አማስላበት ነው» ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ድስቱ ነው። ጨው ተራ ደግሞ፣ እንዲጣፍጥላት ሆን ብላ ጠብ ታደርግበታለች። ሁሉም መጨረሻ ላይ «ይሁኔ ነው ያለው» ይላሉ። ሌላ ሰው ቢለው ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ገባሁ። ከስድስቱ ጠረጴዛ አንዱ ብቻ ሰው ነበረው፣ አገር የማያውቁ ሦስት ሾፌሮች። ባንቺአምላክ ከጓዳ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«አያ ይሁኔ፣ በእመቤታችን ጾም ቤቴ ውስጥ ቅቤ የለም። የፍስኩን ዕቃ ሐምሌ ሠላሳ ቀን ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ ይኸው። ይግቡና ይዩ።»

ሽሮው ቀረበልኝ። ጎረስኩ። አሁንም ይሸታል። አፍንጫዬን ልክደው አልችልም፤ የምኖረው በእሱ ነው።

«እኔ የሸተተኝን ነው ያልኩት» አልኳት።

ቁልፉን መልሳ ወገቧ ላይ አሰረችው። ሳልጨርስ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

የገባ አልጻፍኩም። ሲጨልም እጽፈዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

ዛሬ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ሆቴል ነበርኩ። ለማስታወስ ያህል፦

ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የትናንት ወጥ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። አስተናጋጁ አንገቱ ላይ ቢራቢሮ አስሮ አሥር ዓይነት የጾም ምግብ በቃሉ ያነበንባል፤ ዘጠኙን ስትጠይቀው አልቋል። በያይነቱ ቀዝቃዛ። ምስሩ ጨው በዝቶበታል። ዋጋው የባንቺአምላክ እጥፍ።

ሽሮውም ቅቤ ቅቤ ይላል።

አልተናገርኩም። አንድ ቃል ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጥቼ፣ ከድልድዩ አጠገብ ያለች ፉል ቤት ገባሁ። አንዲት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጋዝ ምድጃ ናት። ፉሉ ትኩስ፣ ቃሪያው የሚያቃጥል፣ ዳቦው የዕለቱ። ከበላሁባቸው ሁሉ የጸዳች ይቺ ናት ልል ስል እሱም ሸተተኝ።

ሦስት ቤት። ሦስቱም! ይህ ከተማ ጾም የሚያከብረው በአፉ ብቻ ነው እያልኩ ተናድጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መምህር አለልኝ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «እውነት ነው እንዴ ጋሼ? ሰው እኮ እየሸሻት ነው» አለኝ። «ሁሉም ቤት ያው ነው» አልኩት። ለእሷ አልተከላከልኩላትም። ይህንን እዚህ ልጻፈው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ቡሬ። ከሁለት ነጋዴዎች ስልሳ አምስት ኪሎ ለጋ። እያንዳንዱን ቅል በእጄ ፈትሼ ነው የተቀበልኩት። ጥሩ ዕቃ ነው።

እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ጎመን በድንች በላሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጭሱ ያስለቅሳል፣ ጎመኑ ግን በትክክል በስሏል። ቅቤ ይሸታል። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። የቤቱን ባለቤት ጠርቼ በቀስታ ጠየቅኳት። አገው ናት፣ ምላሷ ስል ነው።

«ቅቤ?» አለች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ኧረ ጌታዬ፣ እኛ በፍስኩም ቅቤ አይተን አናውቅ! ዘይት ነው። እሱንም ስንቆጥብ በጠብታ ነው። ካገኙበት ለእኛም ያሳዩን።»

ተሳቀብኝ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ።

ስመለስ ከሚኒባሱ መስኮት የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ። ከምጣድ ከወረደ ገና የሞቀ፣ ደረቅ። አንድ እፍኝ ወደ አፌ አስጠጋሁ። ቅቤ።

ሽምብራ ቆሎ!

አጠገቤ ለተቀመጡ ሰውዬ ከወረቀቱ በቀጥታ መዳፋቸው ላይ ዘረገፍኩላቸው። «ይሸታል?» አልኳቸው። «ምኑ?» አሉኝ። አፌን ከፍቼ ከወረቀቱ ቀጥታ ገለበጥኩት። ሽምብራ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ከዚያ ቀኝ እጄን ወደ አፍንጫዬ አመጣሁት።

ከጥፍሬ ሥር። ከጣት ቀለበቴ ውስጥ። ከእጅጌዬ ጫፍ።

ምግብ ቤት የሚያስታጥቡት በበርሜል ቧንቧ ነው። በነሐሴ ቅዝቃዜ በዚያ ውሃ ቅቤ አይለቅም፣ ይረጋል። ቤት ግን የሺ ሁልጊዜ ለብ ያለ ውሃና የተቆረጠ ሎሚ ይዛ ትጠብቀኛለች፣ ጣት ለጣት እያሸች ታስታጥበኛለች። ሃያ ዓመት። ለክብሬ ይመስለኝ ነበር።

ከደብረ ታቦር በፊት ባለው ሳምንት ጾም ያፈረሰ አንድ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ስሜት ሳይሆን ማረጋገጫ ይሻላል። በሙቅ ውሃ፣ በአመድና በሎሚ ታጥቤ የተረፈውን ሽምብራ በላሁ። አይሸትም። አንድ ቅል ፈትሼ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ደገምኩ። ሸተተ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቱም ጊዜ አንድ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ቄስ ምናለን ከቤተ ልሔሙ ጀርባ አገኘኋቸው። የእጄን ነገር ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ፈገግ ሳይል አልቀረም። «ሳታውቅ ነው። አርባ ስግደት» አሉ። ቀጥለው፣ «ሴትዮዋስ?»

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት እናገራለሁ፣ አባ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉኝ።

ለምን እሁድ እንዳልኩ እኔ አውቃለሁ። ነገ ከእንቁጣጣሽ በፊት ካሉት ገበያዎች ትልቁ ነው። ባለ ቅሎቹ የማሸተውን አሜን ብለው የሚቀበሉት አፍንጫዬ አይስትም ብለው ነው። ዛሬ ብናገር ነገ እያንዳንዷ «የራስዎን እጅ ነው ያሸተቱት» ትለኛለች። አዲስ አበባ ያለው ተቀባዬም ዕቃውን ሳይከፍት የሚወስደው በቃሌ ነው። ገበያው ይለፍ። አንድ ቀን ነው። በአንድ ቀን ምን ይመጣል?

ስግደቱን ሃያ ላይ አቋረጥኩት። ጉልበቴ ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

የገባ፦ ለጋ መቶ አራት፣ መካከለኛ ሠላሳ አንድ፣ በሳል ሃያ። የመለስኩት አምስት ቅል፤ አንድም ክርክር የለም። እንዲህ ያለ ገበያ በዓመት ሁለቴም አይገኝ።

ሰባት ሰዓት አካባቢ ዝናቡ ሲያባራ ሸክላ ተራ ላይ ባንቺአምላክን አየኋት። ልትገዛ የመጣች መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሻጮቹ መሃል ናት። አሥራ ሁለት የሽሮ ሸክላ፣ ጥቀርሻቸው ተፍቆ፣ ጆንያ ላይ ደርድራለች። አንዲት ሴት አንዱን አንስታ ገልብጣ አየች፣ አሸተተች፣ መልሳ አስቀመጠች። ባንቺአምላክ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

ወደ እኔ ስትዞር ሚዛኑ ላይ አጎነበስኩ። የምመዝነው ነገር አልነበረም።

አሥር እርምጃ ነበር። ሄጄ ብናገር ይበቃ ነበር። አልሄድኩም።

ዛሬ ምሳ የትም አልበላሁም።

እሁድ፣ ነሐሴ 9

የገባ የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን በዋርካው ሥር ቆሜ ተናገርኩ። አጭር አደረግኩት። ባንቺአምላክ ጾም አላስገደፈችም፤ ቅቤው የነበረው በእኔ እጅ ላይ ነው፤ ቡሬም ትልቁ ሆቴልም ቆሎም ሸቶኛል፤ ያላመነ ይምጣና ያሽትተኝ አልኩ። እጄን ሆን ብዬ ቅቤ ፈትሼበት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ታጥቤ ነበር የወጣሁት። ኪሴ ውስጥ ሽምብራ ይዣለሁ። ለአለልኝ በእጄ ሰጠሁት፣ አሸተተ፤ ከወረቀቱ ሰጠሁት፣ አሸተተ።

«ልክ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «አያ ይሁኔ፣ ያንን እጅ ለእንቁጣጣሽ ያከራዩን፣ ዶሮ ወጡን እናማስልበት!» አለ። ባለ ድንቿ ሴትዮ ደግሞ፣ ስሟን አሁን አወቅኩ፣ ጥሩዓለም ትባላለች፣ «ለካ እኔም ድንች አልነበረብኝም!» ብላ ጮኸች። ነበረባት። ግን ማን ይሰማኛል ዛሬ። ይህን ጠብቄው ነበር።

ያልጠበቅኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከሴቶቹ በኩል «ሚስቱ ጠበል ናት፣ ባንቺአምላክ ምን ብላው ይሆን» የሚል ሹክሹክታ። ለእሷ ሌላ እድፍ ጨመርኩላት ማለት ነው። ሁለተኛው የአለልኝ ጥያቄ፦

«መቼ ነው ያወቁት ጋሼ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ!» አለ። «ትናንት ገበያ ውለዋል።»

ሽምብራውን ወደ ኪሴ መለስኩ።

በቀጥታ ወደ ባንቺአምላክ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ ቀዳዳ ሳይ ጠረጴዛዎቹ እርስ በርስ ተነባብረዋል። ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ትናንት ማታ ሄደች» አለችኝ። «ደምበጫ፣ እህቷ ጋ። ቤቱን ለሱቅ የሚፈልግ ሰው መጥቷል ይባላል። ከመጣች ምን ልበላት?»

«ራሴ እነግራታለሁ።»

ሰዎቹ ሸሽተዋት አራት ቀን ሙሉ ቤቷን ከፍታ ጠብቃለች። የሄደችው ትናንት ነው። ዓርብ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሸክላዎቹ አይሸጡም ነበር። ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ ቆጥሬ ነው የደረስኩበት።

የቤቱ አከራይ ጋ ሄድኩ። ለሱቅ ፈላጊው ገና ቃል አልሰጠም፤ እስከ ረቡዕ ይጠብቀኛል። ሸክላዎቹን የገዙትን ሁለት ሴቶች አግኝቻለሁ። ዘጠኙን መለሱልኝ። ሦስቱ ከሌላ ገዢ ጋር ገጠር ወርደዋል።

ቄስ ምናለ ጋ ስገባ ዳዊት እየደገሙ ነበር። ደምበጫ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። መጽሐፉን አጠፉ። «እምቢ ብትልስ?» አሉ።

«እምቢ ማለት መብቷ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አሉ። አለልኝም እሺ ብሏል።

ትመለስ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብሆን አልመለስም።

ነገ፦ ወደ ደምበጫ በመጀመሪያው መኪና፣ ሦስታችን። ዘጠኙ ሸክላ በገለባ ተጠቅልሎ፣ እኔ በጭኔ ላይ እይዘዋለሁ።