ለሐይቅም ለባሕርም የሚሆን ጀልባ

ቅዳሜ፣ ጁን 1 ቀን 1996

ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላውን ግድግዳ በአውራ ጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ እሺ አለኝ። ትንሽ ነው፣ ግን እሺ አለኝ። ጤነኛ ጀልባ እሺ አይልም።

«ጌቱ፣ ይሄ በስብሷል» አልኩት ባሌን። አልሰማኝም። እንደ ከረሜላ የሚያብለጨልጨውን ቀይ ቀለም እየዳሰሰ ነበር። አርሊንግተን ድረስ ነድተን የሄድነው ይህን ጀልባ ለማየት ነው። ጌቱ የሚፈልገው በአዘቦቱ ቅዳሜ እዚሁ ግሬፕቫይን ሐይቅ ላይ፣ በበጋ ሁለት ሦስቴ ደግሞ ጋልቬስተን ወርዶ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያጠምድበት አንድ ጀልባ ነው። ለሁለቱም የሚሆን።

ይሄኛው ለሁለቱም አይሆንም። ጠርዙ ዝቅተኛ ነው፤ ለተኛ ሐይቅ እንጂ ለማዕበል አልተሠራም። የኋላው ግድግዳ ደግሞ ውጪው ፋይበርግላስ፣ ውስጡ ጣውላ ነው። ውሃ ከገባ ጣውላው ይበሰብሳል፣ ቀለሙ ግን እንዳማረበት ይቆያል። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። አባቴ አርባ ምንጭ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ የሞተር ጀልባ ጠጋኝ ነበር። ትምህርት ቤት በማልሄድበት ቀን ሁሉ መፍቻ አቀብለው ነበር።

አብሮን የመጣው መስፍን፣ የጌቱ ጓደኛ፣ «እህት ጸዳለ፣ ይሄ እኮ ሽንኩርት መምረጥ አይደለም» አለ። ሻጩ አማርኛ ሳይገባው ሳቀ። ጌቱም ሳቀ።

እሑድ፣ ጁን 2

ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ መስፍን ታሪኩን ለሁሉም አወራው። አውራ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየተጫነ፣ «ዶክተር ጸዳለ ጀልባውን መረመረችው፤ ትኩሳት አለው አለች» አለ። ሃያ ሰው ይሆናል የሳቀው። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

መስፍን ቢስቅ ግድ የለኝም፣ ሥራው ነው። ጌቱ ግን አባቴን ያውቀዋል። ልታጭ ሽማግሌ ሲላክ አባቴ እጁ በግራሶ ተጨማልቆ ከሥራ እንደመጣ ነበር የተቀበላቸው። በኋላም ጌቱ ራሱ ቤታችን ሲመጣ የሞተሩን ነገር እየጠየቀ አባቴን ግማሽ ቀን አስወርቶታል። እንግዲህ ረስቶት ነው እላለሁ።

ሰኞ፣ ጁን 3

በምሠራበት የአረጋውያን ቤት በእረፍት ሰዓት ይህን ጻፍኩ። ለጌቱ እሰጠዋለሁ፦

ፊቱ ከፍ ያለ፣ ሆዱ ሹል የሆነ፤ ማዕበሉን እንዲሰነጥቅ። ግን በጣም ሹል ከሆነ ሐይቁ ዳር ጥልቀት የሌለው ቦታ አይገባም። መካከለኛ።

ብሎኑ ሁሉ የማይዝግ።

ጀልባው የሚጎተትበት ትሬለር በዚንክ የተለበጠ፤ ቀለም የተቀባ ብቻ ከሆነ ጨው በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል።

የገባን ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ። ሠርቶ መታየት አለበት።

ከባሕር በተመለሱ ቁጥር ሞተሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ሰነፍ ሰው ባሕር አይሂድ።

ማታ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ጌቱ ወተት ሊያወጣ ሲከፍት አየው። አንብቦት እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ኦፍ ነበርኩ። በጋዜጣ ያየሁትን ጀልባ ለማየት ፋርመርስ ብራንች ሄድኩ። ባሏ የሞተባት ፈረንጅ ሴት ናት የምትሸጠው። መልኩ አስቀያሚ ነው፤ ነጭነቱ ወይቧል፣ ወንበሩ ተቀዳዷል። ግን ፊቱ ከፍ ያለ ነው። ሞተሩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅሁት፣ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ሴትዮዋ የአትክልት ጎማ አምጥታ ሞተሩ ላይ ገጠምንና አስነሳነው። ማቀዝቀዣው ውሃ በወፍራሙ ወጣ፣ ሳይቆራረጥ። ከስንት ዓመት በኋላ እጄ ዘይት ሸተተ።

«ባልሽ ነው የሚፈልገው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

«ታዲያ እሱ የት አለ?»

ለጌቱ ሥራ ቦታው ኮል አደረግሁለት። ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው፣ ስልክ ላይ ለመቅረብ ጊዜ ይወስዳል። «ኦኬ፣ ነገ ከሺፍት በኋላ እናየዋለን» አለ። ድምፁ ደህና ነበር። ተስፋ አደረግሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 5

ከሥራ ስመለስ አፓርታማችን ፊት ለፊት ቀዩ ጀልባ ፓርክ ተደርጓል። መስፍን ላዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ጌቱ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ምን መሰለሽ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነበር፣ ቸኮልን» አለ። ለፈረንጇ ደውዬ እንደማንመጣ ነገርኳት። «ገብቶኛል» አለች። የገባት ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ጁን 7

ነገ ሐይቅ ይሄዳሉ። ዘጠኝ ዓመቷ ሃና የዋና ልብሷን ለብሳ ሳሎን ውስጥ ትዘላለች። አትሄድም አልኩ።

«ለምን?» አለ ጌቱ።

«ግድግዳው የበሰበሰ ጀልባ ላይ ልጄን አላሳፍርም።»

«አንቺ ደግሞ ሟርት ትወጃለሽ።»

«ሟርት አይደለም፣ ጣውላ ነው።»

«ሁለት ወንዶች አይተነዋል፣ ሻጩ አይቶታል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የበሰበሰ የምትይው።»

ሃና አለቀሰች። አባቷ አቀፋት። እኔ ክፉዋ እናት ሆኜ አመሸሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ሐይቁ ዳር እኔና ሃና ሳሩ ላይ ተቀምጠን አየናቸው። ምንም አልሆኑም። ቀዩ ጀልባ በተኛው ውሃ ላይ እንደ ምላጭ ሄደ። አራት ዓሣ ይዘው እየሳቁ ተመለሱ። መስፍን ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ይሄ የእኔ ደብተር ነው። ሲመለሱ ደስ አላለኝም። እንዲሞቱ አልፈለግሁም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ እንዲጠፋባቸው፣ እየቀዘፉ እንዲመለሱ ፈልጌ ነበር። ባልሽ ሲዋረድ ለማየት ሳር ላይ ተቀምጠሽ መጠበቅ ምን ዓይነት ነገር ነው። በራሴ አፈርኩ።

ሃና በመኪና ውስጥ፣ «ማሚ፣ ሮንግ ነበርሽ» አለችኝ። ጌቱ አላረማትም።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ገና ሳይነጋ ለጋልቬስተን ወጡ። ሃናን ይዤ ቀረሁ። በሩ ላይ ለጌቱ፣ «ነፋስ ካለ አትግቡ፣ የሕይወት ጃኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ልበሱት» አልኩት። «እሺ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ሃና እስከ ምሳ ድረስ አላናገረችኝም።

አስር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ጌቱ ነው፣ ከሕዝብ ስልክ። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ብቻ ነው።

«ደህና ነን» አለ። «መስፍን እጁ ተሰብሯል። ሆስፒታል ነን።»

ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከወሽመጡ ሲወጡ ማዕበል ነበር። ጀልባው ከአንዱ ማዕበል ወደ ሌላው ሲወድቅ ከኋላ እንደ እንጨት መሰንጠቅ የሆነ ድምፅ ሰሙ። ግድግዳው ከመሀሉ ተቀደደ፣ ሞተሩ ወደ ውሃው ተንጋለለ፣ ባሕሩ በዚያው ገባ። መስፍን ሞተሩን በእጁ ሊይዝ ሞከረ። ፓምፑ አልሠራም። ሽሪምፕ አጥማጆች በመርከባቸው ደርሰው አወጧቸው። ጀልባው ሰጥሞ ከውሃው በላይ አፍንጫው ብቻ ቀረ።

«ጃኬቱን ለብሰን ነበር» አለ ጌቱ። ቀጥሎ፣ «የሃና መቀመጫ ኋላ ነበር። እዚያ ነበር የማስቀምጣት» አለ።

ልናገር የምችለው ብዙ ነገር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ያዘጋጀሁት። አንዱም አልመጣልኝም። «ደረቅ ልብስ አግኝተሃል?» አልኩት።

እሑድ፣ ጁን 16

መስፍን እጁን በጀሶ ታስሮ ምስክርነት ሰጠ። ጠላት ሊያጠፋን ተነሳ፣ ጌታ ግን መርከብ ላከ አለ። ጉባኤው አለቀሰ፣ እልል አለ። ጠላት የተባለው የበሰበሰ ጣውላ ነው። መርከቡን ጌታ እንደላከው አምናለሁ። ግን ከመርከቡ በፊትም የላከው ሰው ነበር።

ቀጥሎ ጌቱ ተነሳ። «እግዚአብሔር ጠበቀን፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ስሜን አላነሳም። የሳቁብኝ በዚያው አዳራሽ ነበር፤ «ልክ ነበረች» የሚል ቃል ግን አልተገኘም።

ሻይ ሳልጠጣ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ጠበቅኋቸው።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

እራት ላይ ጌቱ፣ «ነግረሽኝ ነበር» አለ። አጎንብሶ ነው ያለው፣ ለሳህኑ።

«ለምን እሑድ አላልከውም?»

ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «አፈርኩ» አለ። «ያን ቀን ከመስፍን ጋር ስስቅ አባትሽ ትዝ ብሎኝ ነበር። ትዝ እያለኝ ነው የሳቅሁት።»

ረስቶት ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ነበር። አልረሳም። ይሄ ከመርሳት ይልቅ አመመኝ። ቢሆንም መናገሩን ወደድኩለት፤ ማንም ሳያስገድደው ነው የተናገረው።

ከዚያ ተነስቶ ለመስፍን ደወለ። ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ሰማሁት። ስለ እጁ ጠየቀው። ከዚያ፣ «ስማ መስፍን፣ ጸዳለ ያለችው ልክ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። አንተም ሁለተኛ እንዳትቀልድባት» አለ። መስፍን ምን እንዳለ አላውቅም። ጌቱ ግን፣ «አይ፣ ቀልዴን አይደለም» ብሎ ዘጋ።

የሳቁብኝ ሃያ ናቸው፣ እውነቱን የሰማው አንድ ሰው ነው። ሂሳቡ አልተስተካከለም። ጌቱ በሚቀጥለው ጊዜ አንቺ ምረጪ አለኝ፤ ጀልባ ልምረጥለት አልምረጥለት ገና አላውቅም። ሃና ግን ስትተኛ መጥታ አጠገቤ ጋደም አለች፤ ሞተር እንዴት እንደሚታጠብ ንገሪኝ አለችኝ። ነገርኳት። ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።