ጉበቱ አያልፍም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሞንሰፍ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? በዚህ ብርድ ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ፋቴን ደህና ናት? ትንሹ ድሪስስ እግሩ ጠንክሮለት ብቻውን መሄድ ጀመረ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም። እማማም ጉልበቷ ተሽሏት ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወጣለች።

ማስተርሴን መጨረሴን በስልክ ሰምተሃል፤ ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልህ። አንተ "ዕድሜሽን ሙሉ በግ ስታገላብጪ ልታረጂ ነው?" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከእንስሳት ሕክምናው ቀጥዬ የተማርኩት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚሻገረውን በሽታ ነውና፣ በጉንም ሰውንም ሳገላብጥ ከረምኩ።

የጎረቤታችን የሳላሕ ትንሿ ልጅ ዩስራ ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኝቶባት ቱኒስ ወስደው በቀዶ ጥገና አወጡላት። ሆስፒታል ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ። በሽታው ከውሻ ነው የሚመጣው፤ ውሻውን ደግሞ የሚይዘው የታመመ በግ ጉበትና ሳንባ ሲጣልለት ነው። በሰፈራችን ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ለውሾች ጉበት የሚጥለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አባባ ነው።

ስነግረው ተቆጣ። "ሥጋ ሸጬ አስተማርኩሽ፣ አሁን ሰው አሳማሚ አደረግሽኝ?" ብሎ አኮረፈኝ። እማማ በመሀላችን እየገባች "የሁለታችሁም ጭንቅላት ድንጋይ ነው" ትል ነበር። ዩስራ ከሆስፒታል ስትመለስ ግን ሊጠይቃት ሄደ። ልጅቷ በፋሻ የተጠቀለለ ሆዷን በጣቷ እያሳየችው "አባባ ተይብ፣ ውሾቹን አልተቀየምኳቸውም" አለችው። ቤት ሲመለስ ምሳውን አልነካም። "በይ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

በአረፋ ዕለት ከሰፈሩ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረና ከታረደበት ቤት ሁሉ የታመመውን ጉበት እየሰበሰበ ቀበረ። ከሱ ሱቅ ፊት ለፊት ሥጋ የሚሸጠው ቡጀምዓ "ደግሞ ለጉበት ቀብር ተጀመረ?" ብሎ ሲያሾፍበት "ቀባሪ አንሶናል፣ ና" ብሎ አካፋ አስጨበጠው። እኔ የሰፈሩን ውሾች የትል መድኃኒት በሥጋ ጠቅልዬ ስመግብ ከረምኩ። አንዱ ነክሶኛል፤ ተከትቤያለሁና አታስብ።

ጥናቴን ባቀረብኩበት ቀን አባባ የክት ቀሚሱን፣ ጀባውን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንዷ ፈታኝ "ሰው ልማዱን እንዲተው እንዴት አሳመንሽ?" ብትለኝ "እኔ አላሳመንኩም፣ አባቴ ጉድጓድ ቆፈረ" አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷ ግን ጻፈችው። በከፍተኛ ማዕረግ አለፍኩ። እማማ እልልታዋን ስትለቀው ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ መጣ።

ቱኒስ ቢሮ ውስጥ ሥራ ሊሰጡኝ ነበር፤ እኔ እዚሁ መክተር ቄራ ሥጋ መመርመሩን መረጥኩ። ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ባለ ሥጋ ቤቶቹ "የአባቷን በግ እንዴት እንደምታሳልፍ እናያለን" እየተባባሉ ከበቡኝ። የአባባን በግ ጉበት ስቀደው ከረጢቱ ውስጡ ተቀምጧል። "ጉበቱ አያልፍም፣ ሳንባውም" አልኩ። ቡጀምዓ "ተይብ፣ ልጅህ አይደለችም እንዴ? አናግራታ" አለው።

አባባ ጉበቱን ከመንጠቆው አወረደ። ወደ ማቃጠያው ሲሄድ ዞር ብሎ "ቤት ነው ልጄ የምትሆነው፤ እዚህ ዶክተር ናት። ተረኛው ማን ነው?" አለ። ሞንሰፍ፣ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ዶክተር ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ቀጥሎ ቡጀምዓ በጉን ይዞ ፊቴ ቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆ።

ለፋቴን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ድሪስን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አብረውህ መርከብ ላይ የሚውሉትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። እማማ "በጸሎቴ እንደማልረሳው ንገሪልኝ" ብላለች። አባባ "ጤና ይስጠው" ብሎ ሊሄድ ሲል ተመለሰና "የቄራውን ነገር ጻፍሽለት?" ሲል ጠየቀኝ።

እህትህ ዊዳድ
መክተር፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2018